በችካሉ ሥር የቀረው ቋጠሮ

በአንድ ብርዳም የደጋ ከተማ አንድ ሸማኔ ነበረ።

ሶልያና፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። ለአረጋውያን መርጃ ማኅበሩ በሠራሽው የስልክ መተግበሪያ ላይ፣ እርዳታ የሚፈልግ አዲስ ሰው ሲመዘገብ ስሙ ከዝርዝሩ አናት ይቀመጥ ወይስ ከግርጌ ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ። «ትንሽ ነገር ናት፣ መምህርት፤ ሻይ እስኪፈላ የምትስተካከል» ብለሽም ስቀሻል። መልሴ ከዚህ ሸማኔ ስለሚጀምር ትንሽ ታገሺኝ።

ሸማኔው ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ እንዳትፈርጂበት ነው። ከሰው ፈትል አንዲት ክር አያስቀርም። የድሀውንም የባለጠጋውንም በአንድ እጅ ይሠራል። ጥለት ሲጥል ዓይኑ አይስትም። እግሩን ከሸማ ዕቃው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ዘርግቶ፣ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ እየሰደደ ከጧት እስከ ማታ ይቀመጣል። በስተግራው፣ እጁ በምትደርስበት ቦታ፣ አንድ ምሰሶ አለ፤ በምሰሶው ላይ ረጅም ችካል ተመትቷል። ሴቶች የፈተሉትን በጨርቅ ቋጥረው ሲያመጡለት ቋጠሮውን በዚያ ችካል ላይ ያንጠለጥለዋል። የያዘውን ሠርቶ ሲጨርስ ከጉድጓዱ ሳይወጣ እጁን ይዘረጋና ከፊት ያገኘውን ያወርዳል። ከፊት የሚገኘው ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻ የተንጠለጠለው ነው።

ችካሉን የመታው አባቱ ነበር። በአባቱ ጊዜ ከተማዋ ጥቂት ቤቶች ብቻ ነበሯት፤ በችካሉ ላይ ከአንድ ወይም ከሁለት ቋጠሮ በላይ ተንጠልጥሎ አያውቅም። የቱ ይቅደም፣ የቱ ይከተል ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ዛሬ ያልተሠራው ነገ ይሠራል። ኋላ ግን መንገድ ገባ፤ ገበያው ሰፋ፤ ሰው በዛ። ቋጠሮው ችካሉን ሞልቶ እስከ ጫፉ ደረሰ። ልጁም እጁን እንደ አባቱ መዘርጋቱን አልተወም። ማንም ነገሬ አላለውም፤ እሱም አላሰበበትም።

እንዲያውም ይመሰገንበት ነበር። ዛሬ ፈትሏን የሰጠች ሴት ነገ በበሩ ስታልፍ ቋጠሮዋን ከፊት ታየዋለች፤ ደስ ይላታል። ከነገ ወዲያ ድሩ ተወጥሮ ታገኘዋለች። «እጁ ፈጣን ነው» ትላለች ለጎረቤቷ። ጎረቤቷም የራሷን ይዛ ትመጣለች። የቆየባቸው ሴቶችም ቢሆኑ ዝም አይሉም። በሩ ላይ ቆመው ይጮሁበታል፤ እሱም እየሳቀ ቋጠሯቸውን ከውስጥ ስቦ ወደ ፊት ያወጣላቸዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ለሁሉም ይደርሳል። የማይደርሰው ለአንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ቀድሞ መጥቶ ዝም ላለ።

በዚያች ከተማ አንዲት አስተማሪ ነበረች። ክፍል ውስጥ ድምጿ እስከ ሜዳው ይሰማል፤ ከክፍል ስትወጣ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ገበያ ላይ አትከራከርም። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። መንገድ ላይ ያነጋገራትን ሰው መሬት መሬት እያየች ትመልስለታለች። ሰዎች «ትምህርት ያላበላሻት ጨዋ» ይሏታል። ጨዋነት ብቻ ግን አልነበረም። የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ቃል መቆጠብ ይለምድበታል።

አባት የላትም ተብሎ ነው ያደገችው። ገና ሳትወለድ ሞተ ይባል ነበር። እናቷ ልትሞት ስትል ግን እጇን ይዛ እውነቱን ነገረቻት። አባቷ በሕይወት አሉ። በከተማዋ የተከበሩ፣ በተጣላ ሰው መካከል ገብተው የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። ሚስትና ልጆች አሏቸው። «እሳቸው በሕይወት እያሉ ከአፍሽ እንዳይወጣ» አለቻት እናቷ። «ስማቸው በእኔ ቢጎድፍ አጥንቴ ይወቅስሻል።» ልጅቷም ማለችላት።

እናቷ ከመናገሯ በፊትም አንድ ነገር ነበር። ገና ተማሪ ሳለች ሽማግሌው መንገድ ላይ ሲያገኟት በትራቸውን ተደግፈው ይቆማሉ። «ስንተኛ ክፍል ደረስሽ፣ ልጄ?» ይሏታል። «አራተኛ፣ አባባ» ትላለች። «ጎሽ» ይሉና ይሄዳሉ። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ። ለምን እሷን ብቻ እንደሚጠይቁ አታውቅም ነበር። ካወቀች በኋላም የተነጋገሩት ያንኑ ነው። ልጄ ለማንኛውም ልጅ ይባላል፤ አባባም ለማንኛውም ሽማግሌ ይባላል። አላፊ አግዳሚው ምንም አይሰማም። እሷ ግን ያቺን አንድ ቃል ይዛ ቤቷ እስክትገባ ሌላ ሰው ባታናግር ትወድ ነበር።

ዘመን አለፈ። የሽማግሌው ሚስት ሞቱ። ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ሩቅ ከተማ ሄደው እዚያው ቀሩ። እሳቸውም አርጅተው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ ይውላሉ። የደረቡት ጋቢ ሳስቶ ነበር። አስተማሪዋ በዚያ ባለፈች ቁጥር ጋቢው ከትከሻቸው ላይ ሲንቀጠቀጥ ታያለች። ነፋስ አልነበረም፤ እሳቸው ናቸው የሚንቀጠቀጡት።

በዚያ አገር አንድ ወግ አለ። አባት ሲያረጅ ሴት ልጁ በገዛ እጇ ፈትላ ጋቢ ታሠራለታለች። ገዝታ ብታመጣ አይሆንም፤ ሌላ ሰው ቢፈትልላትም አይሆንም። ጋቢውን ራሷ በትከሻው ላይ ስትደርብለት አባት ምንም ሳይናገር እጁን በራሷ ላይ ይጭናል። በቃ፣ ሌላ ንግግር የለውም። አስተማሪዋ ይህን ወግ ከልጅነቷ ጀምሮ በሌሎች ቤት ስታይ ኖራለች። አሁን ቀንም ሌሊትም ታስበው ጀመር። ከአፍሽ እንዳይወጣ ነው የተባለችው፤ መሐላው ስለ እጅ ምንም አላነሳም። አንድ ቀን ቤታቸው ገብታ ጋቢውን ትደርብላቸዋለች። እሳቸው ያውቃሉ። እጃቸውን ራሷ ላይ ካደረጉ እስከ ዕለተ ሞቷ ይበቃታል።

ነገር ግን እንዝርት ይዛ አታውቅም ነበር። እናቷ «አንቺ ደብተርሽን ያዢ» እያለች ነው ያሳደገቻት። አሁን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሯን እየዘጋች መፍተል ጀመረች። ክሩ አንዴ እንደ ጣት ይወፍርባታል፤ አንዴ ይበጠስባታል። ጎረቤቶቿ እንዝርቱን አይተው ለማን ነው እንዳይሏት፣ ሰው ሲያንኳኳ ባዘቶውን ከአልጋ ሥር ትከታለች። የተበጠሰውን እየቀጠለች፣ የወፈረውን እያፍታታች ክረምቱን ገፋችው። መስከረም ሲጠባ ፈትሏን በአሮጌ ሰማያዊ ጨርቅ ቋጥራ ወደ ሸማኔው ሄደች።

ሸማኔው ቋጠሮውን ፈትቶ አየና ሳቀ።

«መምህርት፣ ይህን ማነው የፈተለው? ፈትል ነው ወይስ የበሬ ማሰሪያ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለች፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና።

«አይ፣ ለጋቢ ደህና ነው። ጎርበጥ ቢልም ይሞቃል። ለማን ነው? ቁመቱን ልወቀው።»

ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀችም ነበር። «ለአንድ ሽማግሌ ነው» አለች። «ቁመታቸው እንደ እርስዎ ነው።»

«የትኛው ሽማግሌ? ያንቺ አባት እንደሆነ፣ ነፍሱን ይማረውና…»

«ለሰው ነው» አለች ፈጥና።

«ይሁን፣ ለሰው ነው። ለከብትማ ጋቢ አይሠራም። ለመቼ ይድረስልሽ?»

ብርዱ ሳይገባ ልትል ነበር። ጥቅምት ሳይነካ፣ ውርጩ ሳይጀምር ልትል ነበር። ግን አንዱ ቃል ከወጣ ሌላውን ስቦ የሚያወጣው መሰላት። ሽማግሌው ማናቸው? ምንሽ ናቸው? ምን አስቸኮለሽ?

«አይቸኩልም፣ ጋሼ» አለች። «ሲመችዎ።»

ሸማኔው ይህን ቃል ወደደው። ሁሉም በሚያጣድፍበት ቤት ሲመችዎ የሚል ደንበኛ ከየት ይገኛል። ቋጠሮውን መልሶ አስሮ በችካሉ ጫፍ ላይ አንጠለጠለው። በዚያች ሰዓት ከፊት የነበረው የእሷ ነው። የያዘውን ጨርሶ እጁን ቢዘረጋ የሚያገኘው እሱን ነበር። ነገር ግን አስተማሪዋ ገና ከደጁ ሳትርቅ አንዲት ልጇን የምትድር ሴት በትልቅ ቋጠሮ ተሸፍና ገባች።

«አንተ ሰውዬ» አለች ሴትዮዋ፣ «ለጥር ሠርግ አለብኝ። ዛሬ ነገ ብትለኝ ሙሽራዋን ከነፈትሏ አምጥቼ እዚህ ችካል ላይ ነው የምሰቅላት።»

«ለሙሽራ የሚሆን ቦታ የለኝም፤ ፈትሏ ይበቃኛል» አለ ሸማኔው።

ቤት ውስጥ የነበሩት ሳቁ። አስተማሪዋም ውጭ ሆና ሰምታ ፈገግ አለች። የሴትዮዋ ቋጠሮ በእሷ ላይ ተንጠለጠለ።

የትምህርት ቤቱ መንገድ በሸማኔው በር ያልፋል። አስተማሪዋ ጧትና ማታ አንገቷን ሳታዞር በዓይኗ ጥግ ወደ ውስጥ ታያለች። በመጀመሪያው ሰሞን ሰማያዊው ጨርቅ ከሠርገኛዋ ቋጠሮ ኋላ ይታይ ነበር። ቀጥሎ የጨርቁ ጫፍ ብቻ ቀረ። ከዚያ አንድ ጧት ጨርሶ አልታየም። አስተማሪዋ መንገዱ መካከል ቆመች። አወረደው፣ አለች በልቧ። ድሩን ወጥሮታል፤ የኔን ይዟል። በዚያ ቀን ተማሪዎቿ ዛሬ ምን ተገኘ እስኪሉ ድረስ ፊቷ በርቶ ዋለ። ቋጠሮው ግን በሌሎች ቋጠሮዎች ጀርባ ወደ ምሰሶው ተገፍቶ ነበር። ከዓይኗ ሲሰወር የተሠራ መሰላት። ከሸማኔውም ዓይን ያን ጊዜ ነው የተሰወረው፤ እሱ ግን የሌለ መሰለው።

ጥቅምት ገባ፤ ውርጩ ጀመረ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌውን ከቅጥሩ ሥር አገኘቻቸው። ሳል ይዟቸዋል።

«ስንተኛ ክፍል ደረስሽ፣ ልጄ?» አሏት። እርጅና ዓመቶቹን አደባልቆባቸው ነበር።

«አስተማሪ ሆኛለሁ፣ አባባ።»

«ጎሽ። ጎሽ።» ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ሳቡ። «ይኼም ጋቢ ወንፊት ሆነ። ብርዱን አጣርቶ ነው የሚያስገባብኝ።»

«ይደርሳል፣ አባባ» አለች ሳታስበው።

«ምኑ ነው የሚደርሰው?»

ዙሪያዋን አየች። ከቅዳሴ የሚወጣው ሰው በአጠገባቸው ያልፋል። «ፀሐዩ» አለች። «አሁን ይወጣል።»

ሽማግሌው ጥቂት አዩዋት። «ይውጣ» አሉ። «እኛም የትም አንሄድ።»

በማግስቱ ከሸማኔው በር ቆመች። የምትለውን መንገድ ላይ ስትለማመድ ነው የመጣችው። ለአንድ ሕመምተኛ ነው፣ ጋሼ፣ ብርዱ ጎድቷቸዋል፣ እባክዎ ቶሎ ይድረስልኝ። ይህን ያህል ብቻ ነው። ውስጥ ግን ሴቶች ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ያ የኔ ነገር…»

መወርወሪያው ይሮጣል፤ ሸማኔው ቀና አላለም። «ደርሷል፣ መምህርት። ቀጥሎ ያንቺ ነው።»

ለሁሉም የሚለው ይህንኑ ነበር። እየዋሸ አልነበረም። ቀጥሎ የማንን እንደሚያወርድ ራሱም አያውቅም።

ከሴቶቹ አንዷ ዞር አለች። «ምን ልታሠሪ ነው? ጋቢ? ለወንድ ጋቢ? ባል ደብቀሽናል እንዴ፣ መምህርት?»

«ተያት፤ የተማረ ሰው ባሉንም በልቡ ነው የሚያገባ» አለች ሌላዋ።

ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ ሴት ለሴት የምትለው ነው። አስተማሪዋም አብራ ሳቀች። ፊቷ ጋለ። ስትለማመደው የመጣችው ቃል ምላሷ ላይ ነበር፤ ግን ሕመምተኛው ማናቸው የሚለው ጥያቄ ከዚያ ቃል ኋላ እንደሚመጣ ታውቃለች። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ በዚያ ሰሞን የታመመው ሽማግሌ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው ከቅጥሩ ሥር ታጡ። ቤታቸው ተኝተዋል ተባለ። እሷም በየዕለቱ በሸማኔው በር ታልፋለች። በየዕለቱም ቀጥሎ ያንቺ ነው ብሎኛል፣ የሚዋሽ ሰው አይደለም፣ ትላለች በልቧ። ሸማኔው ከጉድጓዱ ሆኖ እጁን ይዘረጋል፤ አዲስ የመጣውን ያወርዳል፤ መልሶ ይቀመጣል።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ጧት፣ የእድር ጥሩምባ ተነፋ። አስተማሪዋ በሯን ከፍታ የተጠራውን ስም ሰማች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ወደ ለቅሶው ቤት አልሄደችም። ወደ ሸማኔው ሄደች።

እሱ ሥራ ጀምሯል። ሴቶችም አሉ፤ ያቺ ልጇን የምትድረውም የተሠራላትን ልትወስድ መጥታለች።

«ፈትሌን ይስጡኝ» አለች አስተማሪዋ።

ሸማኔው ቀና አለ። በዚህ ድምፅ ተናግራው አታውቅም። ክፍል ውስጥ የምትናገርበት ድምፅ ነበር። እጁን ዘርግቶ ከፊት ያለውን አወረደ፤ የእሷ አልነበረም። ቀጥሎ ያለውን አወረደ፤ እሱም አልነበረም። በመጨረሻ ከጉድጓዱ ወጣ። እያወረደ በእግሩ ሥር አስቀመጠ። ወለሉ በቋጠሮ ተሞላ፤ ሴቶቹ እግራቸውን ሰበሰቡ። ሰማያዊው ጨርቅ ከምሰሶው ዳር ተገኘ። አቧራ ጠጥቷል፤ ጥላሸት ይዞታል። ፈትሉ እንዳለ ነበር።

«ለመቼ ነው ብዬሽ ነበር፣ መምህርት» አለ ሸማኔው። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «አይቸኩልም አልሽኝ።»

«ብያለሁ።»

«ለማን ነበር?»

ሴቶቹ እያዳመጡ ነው። ከሩቅ ለቅሶው ይሰማል። እሳቸው በሕይወት እያሉ ነበር የተባለችው። አሁን የሚይዛት መሐላ አልነበረም፤ ቢሆንም ቃሉ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ በቀላሉ አልወጣላትም።

«ለአባቴ» አለች።

«አባትሽ…»

«ዛሬ ጥሩምባ የተነፋላቸው።»

ያቺ ባለ ሠርግ ሴት የያዘችውን አዲስ ልብስ ቀስ ብላ ከጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ሸማኔው ቋጠሮውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆመ። ጋቢ በአንድ ቀን አይወጣም፤ ቀብሩ ደግሞ በዚያው ቀን ነው። ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር።

ቋጠሮውን ሊሰጣት ሲዘረጋ አስተማሪዋ አልተቀበለችውም። ወደ ምሰሶው እያየች ነበር።

«ያስ የማን ነው?» አለች።

ሁሉም ዞሩ። የእሷ ከነበረበት ወደ ውስጥ፣ ችካሉ ምሰሶውን ከሚነካበት ላይ፣ ሌላ ቋጠሮ ነበር። ከእርጅናው የተነሳ የጨርቁ ቀለም አይለይም። ሸማኔው ሲያወርደው ጨርቁ በእጁ ላይ ተበጣጠሰ። ውስጡ ቀጭን፣ የተስተካከለ ፈትል አለ፤ ሲፈትል የኖረ እጅ የሠራው ነው። ሸማኔው አገላበጠው። ሴቶቹን በየተራ አያቸው። አንዷም አላወቀችውም።

«ማን እንዳመጣችው አላስታውስም» አለ። ቁጭ አለ፣ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ። «ጮኻብኝ አታውቅም።»

«ከዚህ ይጀምሩ» አለች አስተማሪዋ። «ከኔ በፊት የመጣው ይሄ ነው።»

ይህን ብላ ወደ ቀብሩ ሄደች። የሽማግሌው ልጆች ገና አልደረሱም። ሕዝቡ አስከሬኑን ከቦ ነበርና አስተማሪዋ እንደ ልማዷ ከሁሉ ኋላ ቆመች። እዚያው ቆማ ትቀር ነበር። ያቺ ባለ ሠርግ ሴት ግን ተከትላት መጥታ እጇን ያዘችና በሕዝቡ መካከል እየገፋች ወደ ፊት ወሰደቻት። «አሳልፉን» ትል ነበር ሴትዮዋ፣ በዚያ በገበያ በሚታወቅ ድምጿ። «አሳልፉን እንጂ። ልጃቸው ናት።» ሰው ዞሮ አየ። መንገድ ለቀቀ። አስተማሪዋ ከአስከሬኑ አጠገብ ስትደርስ ነው ያለቀሰችው። ራሷን ዝቅ አድርጋ ብዙ ቆየች፤ የሚጫንባት እጅ አልነበረም።

ሸማኔው በዚያ ቀን አልሠራም። ከቀብር ሲመለስ መጥረቢያ አንስቶ የአባቱን ችካል ከምሰሶው ነቀለ። በምትኩ ከበሩ እስከ መቀመጫው ድረስ በቤቱ ርዝመት ገመድ ወጠረ። ከዚያ ወዲህ አዲስ የመጣ ቋጠሮ በበሩ ወገን ይንጠለጠላል፤ ያመጣችው ሴት መኖሩን በዓይኗ አይታ ትሄዳለች። እሱ የሚያወርደው ግን በመቀመጫው ወገን ያለውን ነው። አንዱ ሲወርድ የቀሩት ወደ እሱ ጠጋ ይላሉ። አንዱ ሌላውን አይሸፍንም። ሴቶቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ እጁ ዘገየ አሉ። እጁ እንደ ድሮው ነበር።

ያ ባለቤቱ ያልታወቀ ፈትል መጀመሪያ ተሠራ። ኩታ ወጣው። የኔ ነው የሚል ቢመጣ ብሎ በበሩ ላይ ሰቀለው፤ ማንም አልመጣም። የአስተማሪዋ ጋቢ ቀጥሎ ተሠራ። ወፍራም ነበር፣ ጎርበጥ ያለ፣ የሚሞቅ። ተቀብላው ወደ ቤቷ ሄደች።

አሁን ስልክሽን አውጪ፣ ሶልያና። ስክሪኑ ጠባብ ነው፤ ገና ሲከፈት የሚያሳየው ጥቂት ስም ብቻ ነው። ከማኅበራችሁ ልጆች አንዱ ውሎው አድክሞት ታክሲ ውስጥ ሆኖ ይከፍተዋል። አውራ ጣቱ የዚያ ሸማኔ እጅ ናት፤ ከፊት ያገኘችውን ትነካለች። የሚነካውም ደግ ሥራ ሊሠራ ነው፤ ጉዳቱ ግን ከግርጌ ለቀረው ሰው ያው ነው። አዲሱን ሁልጊዜ ከላይ ካደረግሽው፣ ሌላ አዲስ በመጣ ቁጥር የትናንቱ አንድ ደረጃ ይወርዳል። ማንም አላወረደውም። ማንም እምቢ አላለውም። እንዲሁ ከዓይን ይርቃል። ከቤተሰቡ የሚደውልና የሚቆጣ ያለው ሽማግሌ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ሲመቻችሁ ብሎ ስልኩን የዘጋው ግን ከግርጌ ይቀራል።

የምትደረድሪው ወሬ ቢሆን ኖሮ አዲሱን ከላይ አድርጊው እልሽ ነበር። የቆየ ወሬ ቢቀበር ማንም አይጎዳም። ያንቺ ዝርዝር ላይ ያሉት ግን የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። አዲስ ስም ሲገባ መግባቱን ላስገባው ሰው አሳዪው፣ ልቡ እንዲያርፍ። ከዚያ ሄዶ ከቀደሙት ኋላ ይሰለፍ። ከሁሉ ይልቅ የቆየው ከአናት ይቁም፤ እስኪደረስለትም ከዚያ አይነሳ። ትንሽ ነገር ናት ብለሽኛል። ሰውን በተራ ማቆም ፍርድ ነው፣ ልጄ፤ ፈራጁ ሳያስብበት ቢውልም ፍርዱ ይሰጣል።

አስተማሪዋ ማን እንደሆነች አትጠይቂኝ። ከዚያች ከተማ ከወጣሁ ወዲህ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለምሳሌውም አያስፈልግም።

አዲሱን የት ላስቀምጠው ብለሽ ነበር የመጣሽው። አሁን እዚሁ ተቀመጪና ዝርዝሩን በጣትሽ ወደ ታች ውረጂ፤ አትቁሚ፣ መጨረሻው ድረስ ውረጂ። እዚያ ግርጌ ላይ ያለውን ስም አንብቢው። ከዚያ ደውዪ፣ እስኪነሳ ድረስ ደውዪ።